አንድ ጥድ የስንት ዓመት ዝናብ ያስታውሳል? የዛፍ ቀለበት፣ አባይና የእኛ ክረምት



«ድሮ እኮ ዝናቡ ቀኑን ጠብቆ ነበር የሚመጣው።» ኪራሙ ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለንም። በቆሎ ሊዘራ ሲል ይነሳል፣ ጤፍ አጨዳ ላይ ያልታሰበ ዝናብ ሲመጣም ይነሳል። አንዱ ሽማግሌ «በእኛ ጊዜ ሚያዝያ ሲጋመስ መሬቱ ይርስ ነበር» ይላሉ። ሌላው ደግሞ «ኧረ ያኔም የቀረበት ዓመት ነበር፣ ረስተኸው ነው» ብለው ይመልሳሉ። ክርክሩ በዚያው ያልቃል። ማን ትክክል እንደሆነ የሚፈርድ የለማ!

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ፈራጅ ነው። ፈራጁ ዛፍ ነው። ሳይንቲስቶች የዛፍን የውስጥ ቀለበት እያነበቡ ከ200 ዓመት በፊት የነበረውን የክረምት ዝናብ ማወቅ ችለዋል። ይሄ ደግሞ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ብቻ አይደለም፤ እዚሁ እኛ ሀገር፣ በሐበሻ ጥድ ተሠርቷል። ውጤቱም የአባይን ውኃ ጭምር ይመለከታል። የኪራሙ ዝናብ ወርዶ ወርዶ የሚገባው አባይ ነውና ነገሩ በቀጥታ ይመለከተናል።

(ማሳሰቢያ፦ «እ.ኤ.አ.» ያልንባቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። «ዓ.ም.» ያልናቸው በእኛው ነው።)

የዝናብ መዝገባችን ለምን አጠረ?

ዝናብን በሚሊሜትር ለክቶ የመመዝገብ ሥራ ኢትዮጵያ ውስጥ ረጅም ዕድሜ የለውም። አዲስ አበባ ላይ ከ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ሲለካ ቆይቷል። ከዋና ከተማዋ ውጪ ያሉት አብዛኞቹ ጣቢያዎች ግን ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። በመሃል ደግሞ ጦርነት፣ የበጀት እጥረትና የሰው አለመኖር መዝገቡን ሲያቋርጡት ኖረዋል።

ይህ ለምን ያሳስበናል? ድርቅ በየዓመቱ የሚመጣ ነገር አይደለም። የ50 ዓመት መዝገብ ያለው ሰው ያየው የከፋ ድርቅ በጣት የሚቆጠር ነው። ከዚያ ተነስቶ «ይሄ ድርቅ አዲስ ነገር ነው» ወይም «ድሮም የነበረ ነው» ብሎ መፍረድ አይችልም። የአንድን ሰው ጠባይ በሁለት ቀን እንግድነት እንደማወቅ ነው።

ግብፆች በዚህ ረገድ ይበልጡናል። ካይሮ ውስጥ ሮዳ በምትባለው ደሴት ላይ የአባይን ከፍታ የሚለካ ምሰሶ አላቸው፤ የቆየው የመዝገብ ሐረግ እ.ኤ.አ. ከ622 ጀምሮ ይቆጠራል። እንግዲህ ውኃው ከእኛ ተነስቶ እዚያ ሲደርስ ቁመቱ ተለክቶ ተጽፏል። ውኃውን የላከው ዝናብ ግን እዚህ ሲወርድ የጻፈው ሰው አልነበረም። የጻፈው ዛፍ ብቻ ነው።

ቀለበቱ እንዴት ይፈጠራል?

ዛፍ የሚወፍረው ከመሃሉ ተለጥጦ አይደለም። በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል አንድ በጣም ስስ የሆነ ሕያው ሽፋን አለ። ወደ ውስጥ እንጨት፣ ወደ ውጪ ቅርፊት የሚሠራው እሱ ነው። ስለዚህ አዲሱ እንጨት ሁልጊዜ ከቅርፊቱ ሥር ነው ያለው፤ የድሮው መሃል ላይ ይቀራል።

ክረምት ገብቶ አፈሩ ሲርስ ይህ ሽፋን በፍጥነት ይሠራል። የሚሠራቸው ሕዋሳት ሰፋፊና ግድግዳቸው ስስ ስለሆነ ያ የእንጨት ክፍል ፈካ ብሎ ይታያል። ዝናቡ መሸሽ ሲጀምር ሥራው ይቀዘቅዛል። ሕዋሳቱ እየጠበቡ፣ ግድግዳቸው እየወፈረ ይሄድና ጠቆር ያለች መስመር ትሠራለች። በጋው ሲጠና ጭራሽ ያቆማል። በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ከዚያች ጥቁር መስመር ውጪ አዲስ ፈካ ያለ እንጨት ይጀምራል።

አንዱ ፈካ ያለ ክፍልና አንዷ ጥቁር መስመር አንድ ላይ አንድ ቀለበት ይባላሉ። ዝናቡ ጥሩ በሆነበት ዓመት ቀለበቱ ይሰፋል። ዝናቡ ባጠረበት ዓመት ይጠባል። በጣም በከፋ ዓመት ደግሞ ዛፉ ምንም ቀለበት ሳይሠራ ሊያልፍ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀለበቱ የሚመዘግበው ረሃቡን ሳይሆን ክረምቱን ነው። ሁላችንም «የ77 ድርቅ» እንላለን። ሰዉ ያለቀው በ1977 ዓ.ም. ነውና ስሙ በዚያ ቀረ። ክረምቱ የከዳው ግን በ1976 ዓ.ም. ነበር። በአንድ የሰሜን ጥድ ውስጥ የዚያን ጊዜ ጠባብ ቀለበት የሚፈልግ ሰው መፈለግ ያለበት 1976 ላይ ነው። ዛፉ ወሬውን ከሰው ቀድሞ ነበር የሰማው ማለት ነው።

መቁጠር ብቻውን አይበቃም

«ታዲያ ዛፍ ቆርጦ ቀለበት መቁጠር ምን ሳይንስ ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። የሚያስፈልገው አንድ ዛፍ ብቻውን ስለሚዋሽ ነው።

አንድ ዛፍ ጠባብ ቀለበት የሚሠራበት ምክንያት ብዙ ነው። ጎኑ ያለው ትልቅ ዛፍ ፀሐይ ከልክሎት ይሆናል፤ ቅርንጫፉን ለማገዶ ቆርጠውበት ይሆናል፤ ተባይ ቅጠሉን በልቶት ወይም እሳት ለብልቦት ይሆናል። ስለዚህ የአንዱን ምስክርነት ብቻ ይዞ «በዚያ ዓመት ድርቅ ነበር» አይባልም። የብዙ ዛፎች ምስክርነት መመሳሰል አለበት።

ዋናው ዘዴ ይሄ ነው። ሃያ፣ ሠላሳ ዛፎች ከአንድ አካባቢ ይወሰዳሉ። አንዱ ላይ «ሁለት ጠባብ፣ አንድ ሰፊ፣ አንድ በጣም ጠባብ፣ ሦስት ሰፊ» የሚል ቅደም ተከተል ቢገኝ፣ ሌሎቹም ላይ ያው ቅደም ተከተል ይፈለጋል። በሁሉም ላይ ከተገኘ ያን ያደረገው የአንዱ ዛፍ ችግር ሳይሆን የሁሉም የጋራ ነገር ነው፤ ያም ብዙ ጊዜ ዝናብ ነው። አንዱ ዛፍ ላይ አንድ ቀለበት ጎድሎ ከሆነ ደግሞ ሌሎቹ ያጋልጡታል።

ይህ ዘዴ ከሞተ እንጨት ጋርም ይሠራል። ዛሬ የቆመ ዛፍ የልጅነት ቀለበቱ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ተቆርጦ ቤት ከተሠራበት ምሰሶ የውጪ ቀለበት ጋር ከተገጣጠመ፣ ምሰሶው መቼ እንደተቆረጠ በዓመቱ ይታወቃል። መዝገቡም በዚያው ወደ ኋላ ይረዝማል።

የዚህ ሙያ አባት ተብሎ የሚጠራው አሜሪካዊው አንድሩ ኤሊኮት ዳግላስ ነው። ሰውዬው የደን ባለሙያ ሳይሆን የከዋክብት ተመራማሪ ነበር፤ የፀሐይን ጠባይ በዛፍ ውስጥ ሊያገኝ ሲፈልግ ነው ወደዚህ የገባው። እ.ኤ.አ. በ1929 ሾው ሎው በተባለች የአሪዞና ከተማ የተገኘ አንድ የከሰለ ምሰሶ በሕይወት ያሉትን ዛፎች መዝገብ ከጥንታዊ ፍርስራሾች እንጨት ጋር አገናኘለት። በአንድ ጊዜ የብዙ ጥንታዊ መንደሮች ዕድሜ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የዛፍ ቀለበት ቤተ ሙከራ ተቋቋመ።

ለናሙና ሲባል ዛፉ መቆረጥም የለበትም። ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን መሰርሰሪያ በእጅ እየተሽከረከረ ከቅርፊቱ እስከ መሃሉ ይገባና ከእርሳስ የምትቀጥን የእንጨት ዘንግ ይዞ ይወጣል። ጥዱ ቀዳዳውን በሙጫው ይዘጋና ይቀጥላል። ዘንጓ ተለስልሳ በማጉያ መነጽር ሥር ትነበባለች።

ባሕር ዳርቻ ያሉ ዛፎች የተናገሩት

ዘዴው ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማየት ወደ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ብቅ እንበል።

እ.ኤ.አ. በ1587 ከመቶ የሚበልጡ እንግሊዛውያን ሴትና ሕፃን ሳይቀር ሮአኖክ በምትባል ደሴት ላይ ሰፈሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ መሪያቸው ከእንግሊዝ ስንቅ ይዞ ሲመለስ አንድም ሰው አላገኘም። ታሪክ ጸሐፊዎች ለ400 ዓመት ሲከራከሩበት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት በዚያው አካባቢ ረግረግ ውስጥ ያሉትን ያረጁ የሳይፕረስ ዛፎች ቀለበት አንብቦ፣ ከ1587 እስከ 1589 የነበረው ጊዜ በ800 ዓመት ውስጥ በዚያ አካባቢ የከፋው የሦስት ዓመት ድርቅ እንደነበር አሳየ። ሰዎቹ የት እንደገቡ ዛፉ አልተናገረም። በምን ዓይነት ዘመን እንደደረሱ ግን ተናገረ።

ከዚያ ወደ ደቡብ ባለው የጠረፍ ሜዳ ደግሞ ቅጠሉ ረጅም የሆነ የፓይን ዛፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በጆርጂያ ግዛት ያለውን ይህን ፓይን ተጠቅሞ የ220 ዓመት የማዕበል ታሪክ አውጥቷል። እንዴት? ከባሕር የሚነሳ ከባድ አውሎ ነፋስ የሚያዘንበው ዝናብ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከተራው ዝናብ ይለያል፤ ቀለል ያለው የኦክስጅን ዓይነት ይበዛበታል። ዛፉ ያንን ውኃ ጠጥቶ እንጨት ሲሠራ ልዩነቱ ቀለበቱ ውስጥ ይቀራል። ያ የፓይን ደን ግን በአብዛኛው ተመንጥሮ ዛሬ የቀረው የቀድሞው ጥቂት በመቶ ነው። መዝገቡ የተረፈው በተረፉት ዛፎችና በአሮጌ ጉቶዎች ውስጥ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለ ፓይን የለም። እዚህ የምናያቸው ፓቱላና ራዲያታ ከሜክሲኮና ከካሊፎርኒያ የመጡ ናቸው፤ «የፈረንጅ ጥድ» የምንለውም ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። የእኛ የራሳችን ባለ ታሪክ የሐበሻ ጥድ ነው፦ ዕድሜው ረጅም፣ እንጨቱ ምስጥ የማይደፍረው፣ ለምሰሶና ለአጥር የሚመረጠው።

ኢትዮጵያ ላይ ሲደርስ ነገሩ ለምን ከበደ?

ብዙ ጊዜ «የሐሩር አካባቢ ዛፍ ቀለበት የለውም» ይባል ነበር። በአውሮፓ ዛፉን የሚያቆመው ብርድ ነው፤ በየዓመቱ አንዴ ይመጣል፣ አይሳሳትም። እኛ ጋ ግን ዛፉን የሚያቆመው ድርቀት ነው። ድርቀት ደግሞ እንደየአካባቢው ይለያያል።

በልግም ክረምትም በሚዘንብበት አካባቢ ዛፉ በዓመት ሁለቴ ሊነሳና ሁለቴ ሊቆም ይችላል። ያኔ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ይሠራል። አንድ መቶ ቀለበት ቆጥሮ «መቶ ዓመት» ያለ ሰው በግማሽ ሊሳሳት ነው ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ እርጥበት ባለበት ደግሞ ዛፉ ስለማያቆም ቀለበቱ በግልጽ አይታይም። በጣም ደረቅ በሆነ ቦታ በተቃራኒው ብዙ ዓመት ያለ ቀለበት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት የኢትዮጵያን ዛፎች በእነዚህ አራት መልኮች ከፋፍሏቸዋል፦ ቀለበቱ የማይለይ፣ በዓመት ከአንድ በላይ የሚሠራ፣ በዓመት አንድ የሚሠራ፣ እና ብዙ ቀለበት የሚጎድለው።

ለመረጃ የሚፈለገው ሦስተኛው ነው። እሱ የሚገኘው በዓመት አንድ ዝናብ፣ አንድ ረጅም በጋ ባለበት አካባቢ ነው። የሰሜንና የምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋዎች ዝናብ ወደዚህ ያደላል። እኛም ኪራሙ ላይ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው አንድ ትልቅ ዝናብ ነው የምንኖረው።

ታዲያ አንድ ቀለበት አንድ ዓመት መሆኑ እንዴት ይረጋገጣል? አንዱ ዘዴ የሚገርም ነው። ኃያላኑ መንግሥታት በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የኑክሌር ቦምብ በአየር ላይ ሲሞክሩ በከባቢ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን 14 የተባለ ንጥረ ነገር በአንዴ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1963 የአየር ላይ ሙከራን የሚከለክል ስምምነት ከተፈረመ በኋላ እየቀነሰ መጣ። በዓለም ላይ ያለ ዛፍ ሁሉ ያንን አየር ስቦ እንጨት ሠርቶበታል። ስለዚህ ቀለበቱን ወስዶ ካርቦኑን መለካትና «ይሄ በእርግጥ የ1960ዎቹ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በኢትዮጵያ ጥድ ላይም ተመራማሪዎች ቀለበትን በማመሳሰልና በዚህ የካርቦን ዘዴ ፈትሸው እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። ሩቅ ሀገር የፈነዳ ቦምብ እኛ ጥድ ውስጥ ማኅተም ትቶ አልፏል!

ሌላው ዘዴ ዛፉን ቆሞ ማዳመጥ ነው። በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ውስጥ በዝግባ፣ በጥቁር እንጨትና በፓቱላ ግንድ ላይ የመወፈርን መጠን በጣም በጥቂቱ የሚለካ መሣሪያ ታስሮ፣ ዛፎቹ መቼ እንደሚነሱና መቼ እንደሚቆሙ ከዝናቡ ጋር ተነጻጽሯል።

ጥዱ ምን አለ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

በዚህ ሙያ ስማቸው ከሚነሳ ኢትዮጵያውያን መካከል ናይሮቢ በሚገኘው የዓለም ጥምር ደን እርሻ ማዕከል የሚሠሩት ዶክተር አስቴር ገብረ ኪርስቶስ አንዷ ናቸው። ቀደም ሲል በስምጥ ሸለቆ አበርኖሳ አካባቢ ያሉትን የግራር ዓይነቶች አጥንተዋል። ከዚያም ሙሉጌታ ሞክሪያ ከሳቸውና ከሌሎች ባልደረቦች ጋር በሰሜን ኢትዮጵያ ጥድ ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱን አሳተሙ። ሲታተም በአፍሪካ ቀንድ አካባቢ ረጅሙ የዛፍ ቀለበት መዝገብ ነበር።

በመጀመሪያ ቀለበቶቹን በመሣሪያ ከተለካው ዝናብ ጋር አስተያዩ። የሁለቱ ዝምድና ከዓመታዊው ዝናብ ጋር 0.68 ሆነ (ፍጹም ዝምድና 1 ነው)። ለአንድ ዛፍ ይሄ ጥሩ ምስክርነት ነው። ከዚያ መሣሪያ ወዳልነበረበት ዘመን ወደ ኋላ ሄደው እስከ 1811 እ.ኤ.አ. ድረስ የየዓመቱን ዝናብ ገመቱ። እንግዲህ ያ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ቴዎድሮስ ገና አልተወለዱም።

ከውጤቱ የሚከተሉትን እንጥቀስ፦

• ደረቅ ዓመት በአማካይ በየ4.1 ዓመቱ መጥቷል።
• እጅግ ደረቅ ዓመት በአማካይ በየ8.8 ዓመቱ፣ እጅግ እርጥብ ዓመት ደግሞ በየ9.5 ዓመቱ መጥቷል።
• ከደረቅ ጊዜያቱ 78.4 በመቶ የሚሆኑት የቆዩት አንድ ዓመት ብቻ ነው። ከአማካይ በታች የሆነ ዝናብ ግን እስከ 7 ዓመት የቀጠለበት ጊዜ አለ።
• እጅግ ደረቅ ከሆኑት ዓመታት ከኤል ኒኞ ጋር የገጠሙት 38.5 በመቶ ናቸው።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ እነዚሁ ተመራማሪዎች ሌላ ጥናት ይዘው ቀረቡ። ይሄኛው በዛፍ ቀለበት የአባይን የላይኛው ተፋሰስ የውኃ ፍሰት እስከ 1784 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ ኋላ የገመተ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1776 ወይም 1777 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ዝናብ ሲበዛ ጥዱም ይወፍራል፣ ወንዙም ይሞላል፤ ሁለቱ የሚጠጡት ከአንድ ሰማይ ነውና አንዱ የሌላውን ይናገራል።

ቁጥሩ ለገበሬው ምን ይለዋል?

ቁጥሩን ወደ ሰው ዕድሜ እናምጣው። አንድ ገበሬ 40 ዓመት ቢያርስ፣ በዚህ ስሌት ወደ 10 የሚጠጉ ደረቅ ዓመታት ያያል። ከእነዚያ ውስጥ አራት ወይም አምስቱ እጅግ የከፉ ናቸው። ስለዚህ የከፋ ክረምት «ሊመጣም ላይመጣም ይችላል» የሚባል ነገር አይደለም። ይመጣል፤ የማይታወቀው ዓመቱ ነው። አማካይ ነው ስንል ደግሞ ሰዓት ጠብቆ ይመጣል ማለት አይደለም። ሁለቱ ተከታትለው ሊመጡ፣ ከዚያ ለ15 ዓመት ሊጠፉ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ከአምስት ደረቅ ጊዜያት አራቱ ገደማ በአንድ ዓመት የሚያልፉ ከሆነ፣ ጎተራ ውስጥ የአንድ ዓመት እህልና ዘር ያለው ቤት አብዛኛውን ክፉ ጊዜ ይሻገራል። አባቶቻችን የከረመ እህል ጎተራ ውስጥ ማኖራቸው ንፍገት አልነበረም። የዘር እህል መብላትን እንደ ነውር ማየታቸውም ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

ሦስተኛ፣ ሬዲዮ ላይ «ዘንድሮ ኤል ኒኞ የለም» ሲባል ልባችን ሙሉ በሙሉ አይረፍ። ከእጅግ ደረቅ ዓመታት ከአሥሩ ስድስቱ ከኤል ኒኞ ጋር አልገጠሙም። ኤል ኒኞ ሲመጣ ግን ጉልበት እንዳለው አይተናል። በ2007 ዓ.ም. ክረምቱ ከዳ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ2017ቱ ጥናት የሚወክለው በተለይ ሰሜን ኢትዮጵያንና የሳህል ቀበቶን ነው። ወለጋ ከሰሜኑ የበለጠ ዝናብ ያገኛል። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አንስተን ኪራሙ ላይ አንለጥፈውም። ልናነጻጽርበት ግን እንችላለን።

ሌላም ገደብ አለ። ቀለበት ዝናብን እንጂ መከራን ሁሉ አይመዘግብም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን «ክፉ ቀን» እናስብ። ያኔ ድርቅም፣ አንበጣም ነበር፤ የገበሬውን ወገብ የሰበረው ግን የከብት በሽታው ነው። በሬው ካለቀ ዝናቡ ቢመጣስ ማን ያርሳል? ጥዱ የበሬውን ሞት አያውቅም። የዛፍ መዝገብ ከሽማግሌ አንደበትና ከጽሑፍ ታሪክ ጋር ሲነበብ ነው ሙሉ የሚሆነው።

ግድቡስ? ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ግድብ የሚያስተዳድር ሰው፣ ተከታታይ ደረቅ ዓመታት ስንት ጊዜ እንደሚመጡና ስንት ዓመት እንደሚቆዩ ማወቅ አለበት። ከታችኞቹ ሀገራት ጋር የሚደረገው ክርክር ዋና ጥያቄም «ድርቅ ሲመጣ ምን ይደረግ?» የሚለው ነው። የጥቂት አሥርት ዓመታት መዝገብ ለዚህ አይበቃም፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሚሄድ መዝገብ ይዞ መነጋገር ሌላ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ጥድ ለድርድር ጠረጴዛም ይጠቅማል ማለት ነው።

ቀለበት ስለ ደኑ ራሱም ይናገራል

የዛፍ ቀለበት የዝናብ መዝገብ ብቻ ሳይሆን የደኑ የልደት መዝገብም ነው። በመተማ አካባቢ የዕጣን ዛፍን ዕድሜ በቀለበት ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ውጤት አስደንጋጭ ነው፤ ላለፈው ግማሽ መቶ ዓመት ገደማ አዲስ ዛፍ አድጎ ከደኑ አልተቀላቀለም። የቆሙት ሁሉ ያረጁ ናቸው። ችግኝ ይበቅላል፤ ግን እሳትና ከብት አያሳድጉትም። ከሩቅ ለሚያየው ደኑ አለ። ቀለበቱን ላነበበ ግን ልጅ የሌለው የሽማግሌዎች መንደር ነው። የዕጣን ዛፍ በአባይ ሸለቆ ቆላዎችም ስላለ ይሄ የሩቅ ሰው ወሬ አይደለም።

እየጠፋ ያለው መዝገብ

መጽሐፍ ቢቃጠል ሌላ ቅጂ ሊኖር ይችላል። የ200 ዓመት ጥድ ከሰል ሲሆን ግን ቅጂ የለውም። እንዲህ ስንል ዛፍ የሚቆርጠውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። ማገዶ ያስፈልጋል፣ ቤት ያስፈልጋል፣ የተፈናቀለ ሰው ሌላ አማራጭ የለውም። ነገር ግን የትኛው ዛፍ ምን እንደያዘ ማወቅ ይጠቅማል። ለማገዶ ከሆነ የአምስት ዓመት ባህር ዛፍና የሁለት መቶ ዓመት ጥድ እኩል አይደሉም።

ያረጁ ዛፎች ዛሬ በብዛት ተርፈው የሚገኙት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድ ግቢ፣ በመቃብር ቦታና ሰው በማይደርስበት ገደል ላይ ነው። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የጥድ ምሰሶም ዋጋ አለው። ምስጥ ስለማይበላው ቀለበቱ እንዳለ ይቆያል። እንዲህ ያለ እንጨት ያለው ሰው ቢያንስ አንድ ቁራጭ ከዳር እስከ መሃል አስቀርቶ፣ «ከዚህ ቦታ፣ በዚህ ዓመት የወጣ» ብሎ ጽፎበት ደረቅ ቦታ ቢያኖረው፣ አንድ ቀን ለተመራማሪ ትልቅ ስጦታ ይሆናል።

በገዛ እጃችሁ ማየት ለምትፈልጉ

ለዚህ ብላችሁ ዛፍ አትቁረጡ። የተቆረጠ ጉቶ ወይም ግንድ ይበቃል።

1. ጥድ ቢሆን ይመረጣል። በበጋ ቅጠሉን የሚያራግፍ እንደ ዋንዛ (ዋደሳ) ያለ ዛፍም ሊሞከር ይችላል። ባህር ዛፍ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ስለሚያድግ ለቆጠራ አያመችም።
2. ፊቱን በመላጊያ ላጉት፣ ከዚያ በሻካራ ወረቀት አለስልሱት። በውኃ ረጠብ ሲደረግ መስመሮቹ ይወጣሉ።
3. ከቅርፊቱ ወደ መሃል ቁጠሩ። የመጨረሻዋ የውጪ ቀለበት ዛፉ የተቆረጠበት ጊዜ ናት። በየ10 ቀለበቱ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ።
4. በሌላ አቅጣጫም ድገሙት። ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ ጋ የጎደለ ወይም የተደረበ ቀለበት አለ።
5. በጣም የጠበቡትን ዓመታት ለይታችሁ ጻፉ። ከዚያ ለአንድ ሽማግሌ ወይም ለአንዲት አሮጊት «በዚህ ዓመት ክረምቱ እንዴት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ዛፉንና ሰውን ማመሳከር ማለት ይሄ ነው።

በአንድ ጉቶ የተገኘ ውጤት ማስረጃ አይሆንም፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ተናግረናል። ጎረቤታሞች የአሥር ጉቶ ቆጠራ ይዘው ቢገናኙ ግን ከተመራማሪዎቹ ሥራ ጋር የሚመሳሰል ነገር ጀመሩ ማለት ነው።

መግቢያችን ላይ ላነሳናቸው ለሁለቱ ተከራካሪ ሽማግሌዎች ጥዱ ያለው ፍርድ ሁለቱንም የሚያስማማ ነው። ክፉ ክረምት ድሮም ነበር፤ ዘመነ መሳፍንት ላይም ቀለበቱ ጠቧል። ነገር ግን የድሮውን በትክክል ካላወቅን፣ የአሁኑ ምን ያህል እንደተለወጠ በእርግጠኝነት መናገር አንችልም። ለዚያ ማስረጃው ያለው ገና ባልተቆረጡት ያረጁ ዛፎች ውስጥ ነው።

በአካባቢያችሁ አያቶቻችሁ በስም የሚጠሩት ክፉ ዓመት ካለ ስሙንና ዘመኑን ጻፉልን፤ ሰብስበን ወደፊት እናቀርበዋለን። ጽሑፉ ይጠቅማል ካላችሁ ለሌሎች አጋሩት።